ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተበደሉት አቶ አሳር

ከመወለዱ በፊት የተበደለ ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው በገዛ ዘመኑ የደረሰበትን ቶሎ ይቅር ይላል። ጎረቤቱ ድንበር ቢገፋበት «ይሁን፣ አፈር ነው» ብሎ ያልፈዋል። በቅድመ አያቱ ቅድመ አያት ላይ የተሠራውን ግፍ ግን ዛሬ ጠዋት የደረሰበት ይመስል እየተንቀጠቀጠ ነው የሚያወራው። ላጽናናህ ብትለው አንተም ከበዳዮቹ ወገን ትቆጠራለህ።

በደቡብ ስዊድን፣ በስኮነ ምድር፣ ለቦልስቶፍታ መንደር የደረሷት ክቡር አቶ አሳር ፔርሾን ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የጎመንዘር ገበሬ ናቸው። አሳር በዚያ አገር የቆየ፣ የተከበረ የገበሬ ስም ነው። በእኛ ጆሮ የሚሰጠው ትርጉም ግን ይበልጥ ይስማማቸዋል።

ማሊን ኤክዳል ይህን ሳታውቅ ነው ካሜራዋን ጭና ከስቶክሆልም የመጣችው። ስኮነ የማን ናት በሚል የስዊድንና የዴንማርክ ነገሥታት ስለተፋጁበት የድሮ ጦርነት ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ነው። በዚያ ጦርነት የስዊድን ንጉሥ ወታደሮች «ለዴንማርክ አድራችኋል» ብለው ቦልስቶፍታን ከነጎተራዋ አቃጥለዋታል። ማሊን የፈለገችው አንድ የአገሩ ሽማግሌ እዚያው ማሳ ላይ ቆመው ሁለት ደቂቃ እንዲናገሩላት ብቻ ነበር።

«ሁለት ደቂቃ?» አሉ አቶ አሳር። «እናንተ ለማቃጠል ሙሉ ቀን ፈጅታችሁ፣ እኔ ለመናገር ሁለት ደቂቃ?»

«እኛ እኮ አላቃጠልንም። እኔ ያኔ የት ነበርኩና?»

«የስቶክሆልም ሰው አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው» አሉና እጃቸውን አጣጠፉ። «እንግዲያው» ካሉ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ቀረጻው በተጀመረበት ቀን፣ ሰማያዊ ኮት የለበሱት የንጉሡ ወታደሮች ማሳውን ሊያቋርጡ ሲሉ አቶ አሳር ትራክተራቸውን መንገዱ ላይ አግድም አቁመው ጠበቋቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልና ማሳውን ከፈቀዱ ወር አልፏቸዋል። አቶ አሳር ግን የንጉሡ ጦር አንዴ ሳይጠይቅ ገብቷል፣ ሁለተኛ አይደገምም አሉ። የጦር አዛዡን ሆኖ የሚሠራው ስታፋን የሚባል የማልሜ ከተማ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ከፈረሱ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«በማሳዎ እንድናልፍ ይፈቅዱልናል?»

«ለምን ጉዳይ?»

ሐኪሙ ማሊንን አየ፤ ማሊን መሬት መሬቱን አየች። «መንደሩን... ለማቃጠል» አለ።

«አይቻልም።»

ነገሩን የፈቱት ወይዘሮ ኤልና ናቸው። «አንተ አሳር፣ ሰውየውን አሳልፈው። አንተ ስትሟገት ፈረሱ ጎመንዘሩን ጨረሰው እኮ» አሉ።

ምሳ ላይ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሣ። ወይዘሮ ኤልና ወፍራም የእንቁላል ቂጣ ከአሳማ ጥብስ ጋር አዘጋጅተው ነበር። አቶ አሳር ቢላውን ጨብጠው፣ የገበሬ ቡቱቶ ለለበሱት ብቻ ያድሉ ጀመር። ሰማያዊ ለባሾቹ ካፊያ እየመታቸው በር ላይ ቀሩ። «ጠላት አይቀለብም» አሉ አቶ አሳር። ስታፋን ኮቱን አውልቆ በሸሚዙ ሲገባ ግን ትልቁን ቁራጭ ቆርጠው ሰጡት። «ጠቤ ከኮቱ ጋር ነው እንጂ ካንተ ጋር ምን አለኝ?»

ማሊን በልቧ ረግማቸዋለች። ካሜራ የያዘውን ልጅ «ይኼን ሽማግሌ ቶሎ ቀርጸን እንገላገል» አለችው። ከሰዓት በኋላ ማሳው ዳር ወንበር አስቀምጣ አስቀመጠቻቸውና፣ «እስቲ ስለሞቱት ሰዎች ይንገሩን» አለቻቸው። ማዕበል ጠብቃ ነበር። አቶ አሳር ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማቸውን አላውቅም» አሉ። «ማንም አልጻፈውማ። የጄኔራሉ ፈረስ ስም ተጽፏል፤ እስከ ዛሬ አለ። የእኛን ሰዎች ግን ‹መንደሩ ተቃጠለ› ብለው አለፉ። መንደር ምን ያውቃል? የሚቃጠለው ሰው ነው። አንዲት ሴት ላሟን ልታወጣ ተመልሳ ገብታ እዚያው ቀረች፤ አያቴ ከአያቷ የሰማችውን ነው የነገረችኝ። ላም ነበረቻት። እሱን ብቻ ነው የማውቀው። የፈረስ ስም የሚጽፍ ሰው የእሷን ስም መጻፍ ምን ያቅተዋል?»

ማሊን ካሜራው እንዲቆም ማዘዝ ረሳች።

ስቶክሆልም ስትመለስ የቴሌቪዥን ጣቢያው አለቃ ዮርገን ፊልሙን አየና ወደደው። «አንድ ነገር ብቻ፣ መንደሩን ከፊልሙ አውጪው። ተመልካቹ ጦር ሜዳ ነው የሚፈልገው። ስለ ላም የሚያወራ ሽማግሌ ምን ያደርግለታል?»

«የሞተችው እኮ ሴትዮዋ ናት» አለች ማሊን።

«ያው ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው።»

ማሊን ከዚያ በፊት ለአለቃ መልስ ሰጥታ አታውቅም። «መንደሩ ከወጣ የእኔም ስም ይውጣ» አለች። «ፈረሱን አስተዋውቀህ ሴትዮዋን የምትቀብር ከሆነ፣ ራስህ ሠራሁት በለው።»

መንደሩ አልወጣም። ማሊን ግን ከዚያ ጣቢያ ሌላ ሥራ እንዳትጠብቅ በግልጽ ተነገራት።

ፊልሙ በአንድ እሑድ ከሰዓት በቦልስቶፍታ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ታየ። አቶ አሳር ከፊት ተቀምጠው ሲነቅፉ ቆዩ፤ ፈረሶቹ ወፈሩ፣ ባርኔጣው የሴት ነው፣ ዝናቡ ራሱ የስኮነ ዝናብ አይመስልም። የራሳቸው ድምፅ ሲመጣ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። ፊልሙ አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ፣ መንገድ ላይ ሲያያቸው አቅጣጫ የሚቀይረው ጎረቤታቸው ቱሬ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ። «አሳር፣ ልክ ነበርክ» አላቸው። ሌሎቹም ተከትለው እንደዚያው አሉ።

ማሊን ስትፈልጋቸው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ደስ አላለዎትም?»

«ምን ደስ ይለኛል? ስልሳ ዓመት ሙሉ ‹አሳር ደግሞ ጀመረው› ሲሉኝ ኖረው፣ ዛሬ ሁሉም ተስማሙ። ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ? ነገ ምን ብዬ ከአልጋ ልነሣ?»

ትከሻቸው ወርዶ ትንሽ ሰው መስለዋል። ማሊን አጠገባቸው ተቀመጠች። ሰዉ ወንበር ሲያነሣ እሷ ብቻ ያየችው አንድ ነገር ነበር፤ በአንድ የስልክ ጥሪ የሚታረም ስሕተት ነው። ጠዋት ልትደውል አስባ ነበር። አሁን ግን ሐሳቧን ለወጠች።

«መጨረሻ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አይተዋታል?»

«መነጽሬን አውልቄ ነበር። ምን ትላለች?»

«ጣቢያው ምስጋናውን ያቀረበው ለቦልስቶፍታ ሳይሆን ለሉንጋርፕ መንደር ነዋሪዎች ነው።»

አቶ አሳር ቀስ ብለው ዞሩ። «ሉንጋርፕ? ለንጉሡ ጦር በር ከፍተው ቢራ ያጠጡት ሉንጋርፖች?»

«እነሱው።»

የደረጃውን ድጋፍ ሳይዙ ብድግ አሉ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። «ኤልና!» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ፤ «ኮቴን አምጪልኝ፣ ወደ ቤት ነን። ሥራ አለብኝ።» ከዚያ ወደ ማሊን ጎንበስ አሉ። «ይኼን የጻፈው ጣቢያ አለቃው ማን ይባላል?»

ማሊን የዮርገንን ስልክ ቁጥር ሰጠቻቸው። የቢሮውን ብቻ አይደለም፤ የቤቱንም።