ሳውና ውስጥ አይተኮስም

ሰው ምንም ነገር ቢሠራ፣ እንዴት ቢሠራ ይሻል እንደነበር የሚያውቅ አንድ ጡረተኛ አይጠፋም። አጥር ሲያጥሩ ጥግ ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል። ጀልባ ሲቀቡ ቀለሙን ይነቅፋል። ጌም ሲሠሩ ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል።

በሰሜኑ የበረዶ አገር፣ ኦሉ ከተማ፣ አንድ የጌም መሥሪያ ቤት ውስጥ የተጫዋቾችን ሐሳብ ለምታነበው ለሲርኩ የደረሷት ጡረተኛ ክቡር ታውኖ ኬራኔን ናቸው፤ የካያኒ ከተማ አውቶቡስ ሾፌር የነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ሰፊ አገር ውስጥ እንደልብ እየዞሩ የሚታኮሱበት ጌም ነበረው። ሁለተኛውን ክፍል ሊሠራ ሲነሳ፣ "ምን ይሻሻል?" ብሎ በድረ ገጹ ሕዝቡን ጠየቀ። ሕዝቡ አዲስ ጠመንጃ አማረው። ክቡርነታቸው ሦስት መቶ አርባ ሐሳብ ላኩ።

"ጀግናችሁ አሥራ አንድ ጠመንጃ ተሸክሞ ጓንት የለውም።" "በረዶ የሚንኮሻኮሸው ብርዱ ሲጠና ነው፤ የእናንተው በግንቦትም ይንኮሻኮሻል።" "አውቶቡሱ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ተነሳ። ዘግይቶ መነሳት ጥፋት ነው፤ ቀድሞ መነሳት ግን ወንጀል ነው።" የሁሉም መዝጊያ ደግሞ፣ "ለእናንተው ብዬ ነው።"

ሲርኩ ይህን ሁሉ የምታነበው በኅዳር ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮቱ በሚጠቁርበት ወር። "ምነው ጣታቸው በተሳሰረ!" ትላለች።

ከዚያ ሦስት መቶ አርባ አንደኛው መጣ። "ሳውና ውስጥ አይተኮስ። መሣሪያ በር ላይ ይውረድ። ጠላትም ይግባ፤ አብረው ይቀመጡ። ከወጡ በኋላ እንደፈለጉ።" በአገሩ ሳውና፣ ያ በእንፋሎት የሚሞቀው ቤት፣ ሰው ራቁቱን ተቀምጦ ጠቡን ውጭ የሚተውበት ነው። ይኸው ደብዳቤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተላከ።

አለቃዋ ኢልፖ ትዕግሥቱ አለቀ። "የምንሸጠው ተኩስ ነው ወይስ ዕርቅ? እስከ ዓርብ ሰውዬውን ከገጹ አስወጪልኝ!"

ሲርኩ ሳትነግራቸው ማባረሩ ከበዳትና ደወለች።

"ጤና ይስጥልኝ። ከጌሙ መሥሪያ ቤት ነው። እርስዎ የላኩት ሐሳብ..."

"እርስዎ አትበዪኝ፤ ገና አልሞትኩም።"

"እሺ፣ ታውኖ። አንድ ሐሳብ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ለምን ትልካለህ?"

ክቡርነታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱ።

"ሐይቁ ዳር ያለችውን ጎጆ ስሸጥ ከልጄ ከቬሳ ጋር ተጣላን። ከተኳረፍን አራት ዓመታችን ነው። ስልክ አያነሳልኝም። ጌሙ ውስጥ ግን አገኘዋለሁ።"

"መገናኘታችሁ ጥሩ ነው እኮ።"

"ባየኝ ቁጥር ይተኩስብኛል። ደግሞ አይስትም!" ኩራት ቢጤ ቃጣቸው። "የማይተኮስበት አንድ ቦታ ቢኖር፣ ምናልባት ቁጭ ይል ይሆናል ብዬ ነው። ሳውና ውስጥ አባቱ ላይ የሚተኩስ ልጅ አላሳደግኩም።"

ዓርብ ሲርኩ ገጹን አልዘጋችባቸውም። ኢልፖ ቢሮ ገባች።

"ኢልፖ፣ አንተ ሳውና ውስጥ ሰው ላይ ትተኩሳለህ?"

"እብድ ነኝ እንዴ?" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ የተናገረው ገባውና ፊቱ ቀላ።

"በል እንግዲህ።"

ጌሙ በሚያዝያ ወጣ። ሳውናው አለ፤ መሣሪያ በር ላይ ይወርዳል። ሲርኩ ከቢሮዋ ሆና ታያለች፤ ክቡርነታቸው በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ይገባሉ፣ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፣ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ይወጣሉ። ቬሳ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ መጥቷል። ጠመንጃውን እንደያዘ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ሲርኩ አላስቻላትም። ለራሷ ከጌሙ አንድ ወታደር መርጣ ወደ ሳውናው ሄደች፤ ጠመንጃዋን አውርዳ ገባች።

"ቬሳ?" የሚል ጽሑፍ መጣ።

"አይደለሁም።"

ሁለቱ የጌም ሰዎች ላብ በላብ ሆነው ተቀመጡ።

"የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ልጨምር?" ሲሉ ክቡርነታቸው ጻፉ።

"ጨምር።"

እንፋሎቱ ተነሳ። ሲርኩ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች፤ በበሩ በኩል የአንድ ሰው ቦታ እንዲተርፍ።