የወይዘሮ አርሊስ የቁንጫ ወንፈል

ሳይጠሩት መጥቶ የሚያግዝ ሰው የሌለበት አገር የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ፍሩት። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ አርሊስ ትቬት ናቸው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬ በደቡብ ዳኮታ የቁንጫ ጉዳይ ባለሙሉ ሥልጣን።

በጸደይ ጥጆቻችን ላይ በጋለ ብረት ምልክት ስንተኩስ ደንቡ ወንፈል ነው፤ የመጣልህ ሰው ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ወይዘሮዋ አንዲት ጥጃ የላቸውም። ዘንድሮ ግን ያልገቡበት በረት የለም፤ ክትባት ይወጋሉ፣ ጥጃ የጣለውን ጎረምሳ ያበሽቃሉ። ስናመሰግናቸው "ተዉት፣ ምን አደረግሁ" ይላሉ። እኛ ሞኞቹም አመንናቸው።

በጋው ላይ ከወንዙ ማዶ፣ በጎረቤቴ በጋስ ሜዳ፣ የሜዳ ውሾቹ ጩኸት ጠፋ። ስማቸው ውሻ ይሁን እንጂ ሽኮኮ የሚያካክሉ፣ ሳራችንን የሚግጡ፣ ሜዳውን በጉድጓድ ወንፊት የሚያስመስሉ ናቸው። ጋስ "ተሰደዱልኝ" ብሎ ቢራ ጋበዘን። ወይዘሮዋ ረጅም ሽቦ ላይ ነጭ ጨርቅ አስረው ጉድጓድ ውስጥ ሰደዱ። ሲስቡት በቁንጫ ጠቁሯል።

"የምን መሰደድ? ቁንጫ የሚያዛምተው ቸነፈር ፈጅቷቸው ነው። ቁንጫው ደግሞ የሞተውን ትቶ በሕይወት ያለ ይፈልጋል። ተረኛው ያንተ ሜዳ ነው፣ ክላይድ።"

"እሰይ፣ ሳሬ ሊተርፍ ነው" አልኳቸው።

"ሳርህን ተወውና ቅዳሜ ወንፈሌን መልስ።"

ምን ይባላል? ቅዳሜ የአካባቢው ከብት አርቢ ሁሉ፣ ዕድሜውን የሜዳ ውሻ ሲረግም የኖረው ሁሉ፣ እያጉረመረመ መጣ። የእኔ ሜዳ ውሾች እንዳያልቁ በየጉድጓዳቸው የቁንጫ ማጥፊያ ዱቄት ነፋን።

"እንግዲህ የጠላቴን ቁንጫ ላራግፍ?" አለ ጋስ።

"አፍህን ዝጋና ንፋ። ያቺን ጉድጓድ ዘለልካት" አሉት ወይዘሮዋ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። አምላክ ያሳያችሁ፣ ለሜዳ ውሻ! ሚስቴን "አጥር ልይ" እያልኩ በየጠዋቱ ሜዳው ዳር እቆማለሁ። ዝናብ ጣለና ሦስት ቀን ድምፃቸው ጠፋ። በቃ አለቁ አልኩ። ለወይዘሮዋ ደወልኩ፤ የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ መጡ።

ፀሐይ ስትወጣ አንዷ ብቅ አለች። በሁለት እግሯ ቆመች፣ አንገቷን ወደ ላይ ወርውራ ጮኸች። ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ባርኔጣዬን ወርውሬ እኔም አብሬ ጮኽኩ።

"ቀስ በል፣ ታስደነግጣቸዋለህ" አሉ ወይዘሮዋ። "ደግሞ አሁኑኑ ሳርህን ሊግጡ ነው የወጡት።"

"ይብሉት" አልኩ። "ለማን ነው ያበቀልኩት?"