የእመት ዘህራ ጾም

አንዲት ነፍስ ለክርስቶስ ማርኬያለሁ ብዬ በሐረር ከተማ አስወርቻለሁ። ነፍሲቱ ግን አልተማረከችም፤ ተማረከች መባሏንም የሰማችው ከሁሉ ኋላ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናዘዝና ልገላገል።

ወንጌል መስበክ እንደ ዘፈን ነው፤ ድምፁ የማያምር ሰው አብልጦ ይወደዋል። እኔም ባሌ በአማርኛ የታተመ ወንጌል ከገዛልኝ ወዲህ ጮክ ብዬ ካላነበብሁ የምጸድቅ አይመስለኝም ነበር። የምንኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ከስፌት ሰፊዋ ከእመት ዘህራ ጋር አንድ ግቢ ተጋርተን ነው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ድንጋይ ቢሆንም መስኮት አለው። ሐዋርያ ከዚህ በላይ ምን ይሻል?

ሁዳዴ ገብቶ ጥቂት እንደ ሰነበተ ከእመት ዘህራ ቤት እየወጣ ግቢውን ያውድ የነበረው የፍየል ወጥ ድራሹ ጠፋ። ዛሬም የለም፣ ነገም የለም። እሰይ አልሁ፤ ቃሉ ሠራ፣ ሴትዮዋ በስውር እየጾሙ ነው። ጠየቅኋቸው ወይ? መጠየቅ የተጠራጣሪ ነው። ለነፍስ አባቴ ነገርሁ፤ ለማውቃቸው ሴቶችም በምሥጢር ነገርሁ። ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ደግሞ ምሥጢር ከበቅሎ ይፈጥናል።

እመት ዘህራ ስፌታቸውን ይዘው ገበያ ቢወጡ ደንበኞቻቸው ፊታቸውን አዞሩባቸው። ታላቅ ወንድማቸው መጥተው፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። የነፍስ አባቴም ሴትዮዋን ለጥምቀት ሊያዘጋጁ በዚያው ሰዓት መስቀላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

እመት ዘህራ ግን ወስፌያቸውን እንኳ አላስቀመጡም። ሥጋውን እህታቸው ቤት እየሄዱ የሚሠሩት ለእኔ አዝነው ኖሯል። "የወጡ ሽታ በደረሳት ቁጥር ንባቧን ታቋርጥና ትቃትታለች" አሉ። "ደግሞ ባልንጀራህን ውደድ፣ ውደድ እያለች ጆሮዬን በልታዋለች። ወላሂ፣ ሌላ ምን ላድርግላት?"

ወንድማቸው መሬት መሬት አዩ። የነፍስ አባቴ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው፣ "ልጄ፣ ስብከትሽን አንድ ሰው ሰምቶታል፤ አንቺ ግን አይደለሽም" አሉኝ።

ወሬውን ልመልስ ብዬ በየደጁ ዞሬ፣ እመት ዘህራ አልጾሙም ብል ማን ይመነኝ? ደብቂልኝ ብለዋት ነው እያሉ ጭራሽ አጸኑት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። በመጨረሻ መላውን ያመጡት እመት ዘህራ ራሳቸው ናቸው፦ የግቢው በር ወለል ብሎ ይከፈት፣ የፍየል ሥጋ በአደባባይ ይጠበስ፣ እሳቱንም እኔ ላራግብ።

አራገብሁ። በሁዳዴ፣ ያውም በዕለተ ዓርብ፣ መንደርተኛው በሩ ላይ ተኮልኩሎ እያየ አራገብሁ። እመት ዘህራ በሰው ሁሉ ፊት ጎረሱ፤ ወንድማቸውም ከእህታቸው እጅ ተቀብለው በሉ፤ ፊታቸውን አዙረው የነበሩት ደንበኞችም አንድ ሁለት እያሉ ገብተው ቀመሱ፤ ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። እመት ዘህራ፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ፊትሽን ወዲያ አዙሪ" ይሉኛል። አዞርሁ፤ ጭሱም አብሮኝ ዞረ።

እንግዲህ ወንጌልን በሥራ የሰበክሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም በማራገቢያ። ሆዴ ጾሙን ጠብቋል። አፍንጫዬ ግን ገድፏል።

ይቅር በሉኝ።