የክቡር ተቃውሞ እጅ

በየስብሰባው አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሁሉም ተስማምቶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ሲያይ፣ ከኋላ እጁን የሚያወጣ። የእንጨት ሥራ ማኅበሩ አባላት የራሳቸውን ሰው «ክቡር ተቃውሞ» ብለው ሰይመውታል። ሙያው በርና መስኮት መግጠም ነው፤ አመሉ ግን መቃወም።

የግድግዳው ቀለም ላይ ተቃውሟል። የምሳ ሰዓት ላይ ተቃውሟል። አንዴማ እሱኑ ለማመስገን የቀረበ ሐሳብ ላይ «አገላለጹን እቃወማለሁ» ሲል፣ ለጭብጨባ የተዘጋጀው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀርቷል። ሲቆጡት መልሱ አንድ ነው፤ «ሁሉም ከተስማማ፣ አንድ ያላሰበበት ሰው አለ ማለት ነው። ዴሞክራሲ የብዙዎች እጅ ብቻ አይደለም፤ የዚያች የአንዷም እጅ ነው።» ሊቀመንበሯ ይህን በሰማች ቁጥር ራሷን ይፈልጣታል።

ያን ዕለት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እሱ «ሳንወያይ አንፈርምም» እያለ ውሉን ሲያጓትት፣ ማኅበሩ ሊያገኘው የነበረው የትምህርት ቤት የወንበር ሥራ ለሌላ ተሰጥቷል። መጋዙ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ጣውላ ላይ ተቀምጧል።

«ወይ እሱ ይባረር፣ ወይ እንበተን!» አለ የመጋዝ ሠራተኛው ብድግ ብሎ። «ልጆቼን ተቃውሞ አላበላቸውም!»

አባል የሚባረረው ማንም ካልተቃወመ ብቻ ነው። ይህን ደንብ ተጨቃጭቆ ያስገባውም እሱው ነበር። ለመዳን የገዛ እጁ ትበቃዋለች።

«የምትደግፉ?» አለች ሊቀመንበሯ። ቤቱ በእጅ ተሞላ። «የሚቃወም?»

ሁሉም ዞሮ አየው። እሱ ግን እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሯል።

«በራሴ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም» አለ። «ነውር ነው።»

ሊቀመንበሯ የተቀበሩትን እጆች አየች። ስንት ዓመት የተመኘችው ጸጥታ ይኸው መጣላት፤ መጥቶም አስፈራት። ነገ እሷ ስትሳሳት ማን «ቆይ!» ሊላት ነው? ለካ ይህን ጨቅጫቃ ትወደዋለች።

«እኔ እቃወማለሁ» አለች፣ እጇን አውጥታ።

ገና ሳትጨርስ ያቺ የታወቀች እጅ ከኋላ ብቅ አለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሥነ ሥርዓት! ሰብሳቢ ድምፅ የሚሰጠው እኩል ለእኩል ሲሆን ነው። ይህ የደንብ ጉዳይ ነው፣ የእኔ አይደለም። ተቃውሞሽን እቃወማለሁ!»

«ራስህን ልታስባርር ነው እኮ!»

«ቢሆንም።»

ሊቀመንበሯ ጥርሷን ነከሰች። «እሺ፣ ተቃውሞዬ ይውደቅ በሚለው የሚስማማ እጁን ያውጣ!»

የመጋዝ ሠራተኛው እጁን አነሳ። እጁ ደረቱ ጋ ሲደርስ ክቡር ተቃውሞን አየው፤ ሳቅ አመለጠው፤ እጁን ኪሱ ከተተ። እንደ ሁልጊዜው የወጣችው አንዲት እጅ ብቻ ነበረች። እንደ ሁልጊዜውም ተሸነፈች።