የሦስተኛው ቅል ሰባተኛ ምት

ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብሎ የሚመልስ ሞልቷል፤ ይህኛው ተረት ግን የሚጀምረው ከጎተራ ነው። በጎተራው ውስጥ አርባ ስምንት ቁና ማሽላ ነበር። የአንድ ጫካ ሃያ አራት አባወራ እንስሳት ከየቤታቸው ሁለት ሁለት ቁና አምጥተው የሞሉት ነው። የተሰበሰበውም ለኤርኩም ነበር።

ድሮ፣ የዛሬዎቹ ዋርካዎች ችግኝ በነበሩበት ጊዜ፣ በዚያ ጫካ ሸለቆ ባንድ የሚባል የዘፋኞች ቡድን ነበር። ከበሮ መቺው ኤርኩም የሚባለው ትልቁ ጥቁር ወፍ ነው። የሸለቆ ባንድ ዘፈን እንደ ሌላው ዘፈን አልነበረም። አንዱ ሲጀመር ወደ ወንዝ የወረደ እንስሳ ውሃ ጠጥቶ፣ ታጥቦ፣ ከጎረቤቱ ተጣልቶና ታርቆ ሲመለስ ዘፈኑ ገና መሃሉ ላይ ይደርስ ነበር። ግጥሙም ስለ ፍቅር አይደለም፤ ጨረቃን ስለዋጠ አባጨጓሬ ነው። ምቱ የሚቆጠረው በሰባት ነው። በአራት የለመደ እግር ሊጨፍርበት ሲነሳ ይጠላለፋል፤ በአንድ ሠርግ ላይ ብቻ ሦስት ሚዜ ወድቆ ተሰብሯል። ያን ሁሉ ውጣ ውረድ ከአንድ እስከ ሰባት እየቆጠረ ቀጥ አድርጎ የያዘው ኤርኩም ነበር።

በዚያ ጫካ ዘፈን የሚቀመጠው በቅል ውስጥ ነው። ዘፋኞቹ በቅሉ አፍ ይዘፍናሉ፤ አፉ በሰም ይታሸጋል፤ ሰሙ ሲነሳ ዘፈኑ ይወጣል። ሸለቆ ባንድ ሰባት ቅል ሞልቶ ነበር። አራቱ ተሰብረው ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ብቻ ቀርተዋል። ዘፋኞቹም አንድ በአንድ አልቀው ኤርኩም ብቻውን ቀረ። ምንቃሩ ተሰንጥቆ መሬት ቆፍሮ መብላት ካቃተውም ሁለት ዓመት ሆነው። ሚስቱ በበጋ ለሁለት ትቆፍራለች፤ ክረምት ሲገባ ግን ለራሷም አይበቃትም።

ስለዚህ እንስሳቱ መከሩ። ከዝናቡ በፊት አንድ ቅል በሜዳው ላይ ይከፈት፤ ኤርኩምም ከዘፈኑ ጋር ከበሮውን ይምታ፤ ማሽላውን ይውሰድ አሉ። ኤርኩም ያን ቀን ቆጠረ። አንድ ቁና ማሽላ በውሃ ተነክሮ አራት ቀን ያበላዋል። ክረምቱ ዘጠና ቀን ነው፤ ሃያ ሦስት ቁና ይፈጃል። አርባ ስምንቱ ሁለት ክረምት አሻግሮት ሁለት ቁና ይተርፈዋል።

የቀረው የትኛው ቅል እንደሚከፈት መወሰን ነበር። ይህም ለሦስቱ ቅሎች ባለቤቶች ተሰጠ። ሦስተኛው ቅል የአቶ ዝንጀሮ ነው። አራተኛው የወይዘሮ ቆቅ፣ ስድስተኛው ደግሞ የጃርት ነው። ሦስቱም በአንድ ቃል ሲስማሙ ቅሉ ይከፈታል ተባለ። በጫካው የቆየ ልማድ ደግሞ አለ፤ የተሰበሰበ እንስሳ ከጎተራው ይበላል። ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ በቀን አንድ ቁና፣ ለሰብሳቢው ግን ሁለት። ሰብሳቢው አቶ ዝንጀሮ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን በዋርካው ሥር ተቀመጡ። ኤርኩምንም በክብር ከፊት አስቀመጡት።

«ሦስተኛው ቅል ከሌለ ሸለቆ ባንድ የለም» አለ ዝንጀሮ። «ከሦስተኛው በፊት እየተማሩ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ እየደከሙ ነበር።»

«ሦስተኛውንማ ጀማሪ ሁሉ ይወደዋል» አለች ቆቅ። «አድማጭ ከአድማጭ የሚለየው በአራተኛው ነው።»

«አራተኛውን ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል?» አላት ጃርት።

«እኔ? ሰሙን ነክቼው አላውቅም። ዘፈን በተከፈተ ቁጥር እንደሚሳሳ አታውቅም እንዴ?»

ዝንጀሮ ራሱን ነቀነቀ። እሱም የራሱን ከአባቱ ከወረሰው ጀምሮ አልከፈተውም። በቅሉ ላይ የተቀረጸውን አባጨጓሬ ግን በየቀኑ ይወለውለዋል።

«የኔን ሰምቼዋለሁ» አለ ጃርት። «ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው። ያጨፍራል።»

ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። «ያጨፍራል ይለናል እኮ» አለች ቆቅ። «እዚህ የተቀመጥነው ለጭፈራ መስሎታል።»

ኤርኩም ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን ከጠየቃችሁ የትኛውም ቢከፈት…»

«አያ ኤርኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለ ዝንጀሮ በትህትና። «እርስዎ ሲመቱ ነበር እንጂ ሲሰሙ አልነበረም። ስለ ዘፈኑ የሰማ ይናገር።»

ከዚያ ምሳ ሰዓት ደረሰና ጎተራው ተከፈተ። ኤርኩም ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ስንት ቀረ?»

«አርባ አራት።»

«ምን ተባባሉ?»

«ስለ እኔ ብዙ ጥሩ ነገር ተናገሩ።»

«በአራት ቁና» አለች ሚስቱ።

በሁለተኛው ቀን ከሦስተኛውና ከአራተኛው የቱ የበለጠ ያሳዝናል በሚል ሲከራከሩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ማዘን ጥሩ ነው ወይስ አይደለም በሚል። በአራተኛው ቀን ጃርት እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ድርሻው ግን አልቀረበትም። በአምስተኛው ቀን ቆቅ የአራተኛውን ቅል ዝምታ አነሳች። በዚያ ቅል መሃል ከበሮው በድንገት ይቆማል፤ አሥራ ዘጠኝ ምት ያህል ምንም አይሰማም፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ይህን ቆቅ ከእናቷ ሰምታዋለች።

«ያ ዝምታ የዓለም ፍጻሜ ነው» አለች። «ፍጥረት ሁሉ አልፎ ማንም ሳይኖር የሚሆነው ነው።»

«የለም» አለ ዝንጀሮ። «ባንዱ ሊፈርስ መሆኑን ያወቁበት ቅጽበት ነው። እየተሰነባበቱ ነው።»

ኤርኩም ከአንድ ሰዓት በላይ ታገሠ። ከዚያ እጅ ስለሌለው ክንፉን አወጣ። «ያን ቀን ዝናብ ጥሎ ነበር። ክንፍ ያለው ምስጥ ከመሬት ፈላ። ከበሮውን ትቼ ጥቂት ለቀም አደረግኩና ተመለስኩ። እስክመለስ የቆጠርኩት አሥራ ዘጠኝ ነው።»

ቆቅ ፈገግ ብላ ወደ ዝንጀሮ ዞረች። «ዕድሜ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምስኪን፣ ረስተውታል።»

በዝምታው ጉዳይ አንድ ቀን ጨመሩ። በስድስተኛው ቀን ማታ ጎተራው ውስጥ ሃያ አራት ቁና ቀረ። ኤርኩም አሰላው። አንድ ክረምት ይዘልቃል፤ አንድ ቁና ይተርፋል። ሚስቱ ግን በሌላ በኩል አሰላችው።

«ስማኝ» አለችው። «እነዚህ እየተራቡ አይደለም የሚከራከሩት፤ እየጠገቡ ነው። የፈለጉትን ይበሉ። ብቻ አንተ ምንቃርህን ግጠም። ስለ ዘፈኑ ምንም ቢሉ ምንም አትበል።»

«ምን ልል እችላለሁ?»

«አውቅሃለሁ» አለች።

ሦስት ቀን ዝም አለ። ሰባተኛው ዘፋኝ ማን ነበር ብለው ሲጣሉ ዝም አለ፤ ባንዱ ውስጥ አምስት እንጂ ሰባት ዘፋኝ ኖሮ አያውቅም። ስድስተኛውን ቅል ያቀናበረችው የባንዱ ዘፋኝ የእንቁራሪቷ ሚስጥራዊ እኅት ናት ሲሉም ዝም አለ። እንቁራሪቷ እኅት አልነበራትም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ጎተራው ሳይከፈት፣ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ጃርት ማሽላ ሰልችቶት ነበር። «የፈለጋችሁት ይሁን፤ ሥራሥር ናፈቀኝ» አለ። ቆቅም ከፊት ወንበር እንደምትቀመጥ ቃል ሲገባላት ለዘበች። ዝንጀሮ ተነስቶ ቆመ። አሥራ ሁለት ቁና ቀርቶ ነበር። ኤርኩም በልቡ ቆጠረ። አሥራ ሁለት ቁና አርባ ስምንት ቀን ነው። ከክረምቱ ግማሽ ይበልጣል። የቀረውን እንደምንም ይገፋዋል።

«እንግዲያው በአንድ ቃል ተስማምተናል» አለ ዝንጀሮ። «ሦስተኛው ቅል ይከፈታል። ታላቅነቱ የት ላይ እንደሆነ ለልጆቻችን እንንገራቸው። አባጨጓሬው ጨረቃን በሚውጥበት ቦታ ላይ ከበሮ መቺው አንድ ምት ይስታል። በሰባት ፈንታ ስድስት ይመታል። ስሕተት ነው፤ ግን ከስሕተት ሁሉ የሚያምር ስሕተት ነው።»

ቆቅ በአድናቆት ዓይኗን ጨፈነች። ጃርት ለመሄድ ተነሳ።

«አልሳትኩም» አለ ኤርኩም።

ሁሉም ዞሩ።

«ምን አሉ አያ ኤርኩም?»

«ሰባት ነው የመታሁት። በሕይወቴ አንድ ምት ስቼ አላውቅም።»

«እኛ እኮ እያመሰገንንዎ ነው» አለ ዝንጀሮ።

«በስሕተቴ አልመሰገንም። ቃሉን አንሳ።»

«ካልሳቱማ» አለች ቆቅ ዓይኗን ገልጣ፣ «ሦስተኛው ቅል በምን ይበልጣል? ለአንድ ስሕተት ብዬ ነው እሺ ያልኩት። እሺታዬን አንስቻለሁ።»

ዝንጀሮ ተቀመጠ። ጃርትም ጎተራው ሊከፈት መሆኑን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ያን ዕለት ሚስቱ ስንት ቀረ ብላ አልጠየቀችውም። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር።

«ለአንድ ምት» አለች ብቻ።

«አንድ ምት አይደለም» አለ ኤርኩም። «ስሜ ነው።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ስድስት ነው ሰባት ነው ሲባባሉ ዋሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎተራው ውስጥ የቀረው አራት ቁና ስለነበር መጀመሪያ በሉ፤ ከዚያ ተከራከሩ። በስተምዕራብ ደመናው ጠቁሯል። በመጨረሻ ጃርት፣ ቅሉን ከፍቶ መስማት ይቻላል እኮ አለ። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያሰበ እሱ ብቻ ነበር። ዝንጀሮ እያለቀሰ ሰሙን አነሳ።

ዘፈኑ ወጣ። ከዓመታት ብዛት ሳስቶ ነበር፤ ግን ያው ነው። አባጨጓሬው ዛፉን ወጣ። ቅርንጫፉን ያዘ። ኤርኩም ዓይኑን ጨፍኖ በጥፍሩ መሬቱን እየነካ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። እንደገና ሰባት። አባጨጓሬው አፉን ከፈተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ጨረቃዋ ተዋጠች፤ ዘፈኑም አለፈ።

የኤርኩም ጥፍር ለሰባተኛው ተነስቶ በአየር ላይ ቀረ።

«ስምንት ነው» አለች ቆቅ። «እዚያ ላይማ ጨምሮበታል።»

«እኔ አራት ነው የሰማሁት» አለ ጃርት።

ዝንጀሮ እንባውን እየጠረገ ነበር። ከኀዘኑ የተነሳ ምንም አልሰማም። «አያ ኤርኩም» አለ፣ «የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት። ስንት ነው?»

«ሰባት ነው» አለ ኤርኩም።

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ በባዶው ቅል ላይ ወረደ። ሦስቱም ጉዳዩን ለሚቀጥለው በጋ አሳድረው ወደየጎሬያቸው ሮጡ። ኤርኩም ቤቱ ሲደርስ ርሶ ነበር።

«ምቱ በመጨረሻ ስንት ሆነ?» አለችው ሚስቱ።

ኤርኩም ውሃውን ከክንፉ አራገፈ። እሱ መዋሸት የሚችለው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ስድስት» አላት።

ሒሳቡ እንዲህ ተዘጋ። ዝንጀሮ ሃያ አራት ቁና አገኘ፤ ቆቅ አሥራ ሁለት፤ ጃርት አሥራ ሁለት። ሃያ አራቱ አባወራዎች ሁለት ሁለት ቁና ሰጥተው አንድ ዘፈን አልሰሙም። ከማሽላው ሠላሳ ስድስት ቁናውን የበላው የሦስቱ አፍ ነው፤ አሥራ ሁለቱን ያስበላው ግን የኤርኩም የራሱ። ክረምቱ ዘጠና ቀን ነበር። በኤርኩም እጅ የገባ አንድ ፍሬ ማሽላ አልነበረም፤ ከነበረውም ላይ አንድ ምት ጎደለበት።