የተላጠ ዳቦ

ዳቦ ልጦ እንግዳ የሚጋብዝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ጭሮ ከተማ ገጥሞኛል። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣችው የቢሮ ባልደረባዬ ሰናይት፣ እኔንና ጎረቤቶቿን ሻይ ጠራችን። የዳቦውን ቅርፊት ዙሪያውን ቆርጣ ጥላ፣ ኪያሩን እንደ ወረቀት ስስ አድርጋ በመሃሉ አንጥፋ፣ ጣት ጣት የሚያህል ቁራጭ አቀረበችልን። "ዘመናዊ መስተንግዶ እንዲህ ነው" አለች፣ ኮስተር ብላ።

አዛውንቱ ጎረቤቷ ሐጂ ኡመር የደረሳቸውን ቁራጭ አገላብጠው አዩት። በእኛ ሰፈር ቅርፊቱ ተነስቶለት ለስላሳው ብቻ የሚቀርበው ለበሽተኛ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ማን ታሞብሽ ነው?" አሏት። መልሷን ሳይጠብቁም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ "አላህ አፊያውን ይስጠው!"

ግራ የገባት ሰናይት ሳትቀር ሁላችንም "አሚን" አልን። ከሁሉም ጮክ ያልኩት እኔ ነኝ። በሽተኛዋ ከፊቴ ቆማ ሻይ ትቀዳ ነበር።