ሐጂ ኑርሁሴን የሸጡልኝ ሞተር

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ብለህ እኔን ባትጠይቀኝ ይሻልህ ነበር። ጠየቅከኝ፤ እንግዲህ ተቀመጥ። ሰው ሁሉ አስነሳው፣ ጭሱን እየው፣ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ከሥሩ ጎንበስ በል እያለ ይመክርሃል። እኔም ጎንበስ ብዬ ነበር። ከመጎንበሴ ብዛት ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ዘይት ጠጥቶ ባለቤቴ ስንዱ ወለል መወልወያ አደረገችው። ታዲያ ምን ረባኝ? ማየት የነበረብኝ ነገር ከሥሯ አልነበረም።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ጎንደር አስተምራለሁ። ስንዱ ነርስ ናት። ተጋባን፤ የሰርጋችን ዳስ ሳይፈርስ መንግሥት እሷን ደባርቅ ጤና ጣቢያ መደባት፣ እኔን እዚያው ጎንደር ተወኝ። አቤት ለማለት ሄድኩ። ሰውዬው «ጓድ፣ አገር ሲጠራ ሚስት ትጠብቃለች» አሉኝ። የተጠራችው እኮ ሚስቴ ናት፤ ጠባቂው እኔ ነኝ! ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ያን ጊዜ ጮክ ተብሎ የሚባለው መፈክር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደባርቅ መውጣት አለብኝ። በምን ልውጣ? አውቶቡሱ አንዱን ሳምንት ይመጣል፣ ሌላውን ሳምንት ወታደር ጭኖ ይሄዳል። ስንዱ ደግሞ «ካልተመቸህ ቅር» የምትል ዓይነት ሴት አይደለችም። «ቀርተህ እንደሆነ ወዮልህ» ነው የምትለው። እውነቱን ልንገርህ? ባትለኝም አልቀርም ነበር። አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ሰኞ ከእሷ ተለይቼ ማክሰኞ ናፍቆት ይይዘኛል። ሞተር መግዛት ግድ ሆነ።

እዚያው ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ሐጂ ኑርሁሴን የሚባሉ ነጋዴ አገር አቋራጭ ሞተር ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ረጅም ናት፤ ለመውጣት ድንጋይ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ከአብዮቱ በፊት አንድ ፈረንጅ አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር ላካልል ብሎ በሱዳን አድርጎ በመተማ ይዟት ገባ። ጎንደር ሲደርስ ሆዱን አመመውና ለሐጂ ሸጦላቸው፣ ከአዘዞ በአይሮፕላን ወደ አገሩ ሄደ። ሐጂ ደግሞ በደባርቅ መንገድ ያለው ዳባት ገበያ ይመላለሱባት ነበር።

ብቻዬን አልሄድኩም። የእናቴ ወንድም አያ ደምለው አለ፤ የበቅሎ አዋቂ ነው። በወገራ በቅሎ የሚገዛ ሰው እሱን ሳያሳይ አይገዛም። አያ፣ ይቺ እኮ ሞተር ናት ስለው፣ ሰው የሚጫንባት ከሆነ ለእኔ ያው ናት አለኝ። ዱላውን ይዞ ተከተለኝ።

ሞተሯን ሁለት ጊዜ ዞራት። ኮርቻዋን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ሐጂን ይመረምራቸው ጀመር። ጎርፍ ትሻገራለች? ትሻገራለች አሉ። ለጅብ ትደነብራለች? እስካሁን አልደነበረችም አሉ፤ ሐጂ ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም። ከማን እጅ መጣች? የፈረንጁንና የበረሃውን ታሪክ ነገሩት። አያ ደምለው ግንባሩን ቋጠረ።

«በረሃ ነዋ የኖረችው! ደጋውን ትችለዋለች?»

«ትችላለች» አሉ ሐጂ። «ሽቅብ ሲያጣድፏት ብቻ ማረፍ ትወዳለች።»

«ማን ይጠላል!» አለ አያ ደምለው።

እኔም አዋቂ ነኝና ፍሪሲዮኑን ጨበጥ ለቀቅ አደረግሁ። ካንዴላውን ፈትቼ በብርሃን አየሁት። ምን እንደማይ ግን አላውቅም። ጎማውን በእርግጫ መታሁ። ጎማ ለምን እንደሚመታ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ሁሉም ገዢ ይመታል፣ እኔም መታሁ። መጨረሻ ላይ ትልቁን ጥያቄ አመጣሁ፦ ይህን የመሰለ ሞተር ለምን ይሸጣሉ?

ሐጂ ወደ ቤታቸው ገልመጥ አሉ። «ለቤቴ ሰላም ብዬ ነው» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው። ከመጋረጃው ጀርባ ሴት ሳለች። ጉንፋን አልነበረም። አሁን ሳስበው ጉንፋን አልነበረም!

አያ ደምለው እጄን ጎትቶ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። ግዛ አለኝ። ሚስቱ ሞተሯ ባሌን ትጥልብኛለች ብላ ፈርታ ነው፤ እንከን ያለውን ባል ራሱ ይሸጣል፣ ሚስት የምታሸጠው ሁልጊዜ ደህናውን ነው፤ የእኔንም ሸጋ በቅሎ ያሸጠችኝ አክስትህ ናት አለ። እንዴት ያለ ብልህ ሰው ነው አልኩ። ገዛኋት።

አሁን መንገዱን ላውራልህ። ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ። ስብሰባው የሚያልቀው ተናጋሪው ሲደክመው ነው፤ የእኛ ተናጋሪ ደግሞ ደከመኝ አያውቅም። የመጨረሻው ጭብጨባ ሳያበቃ እኔ ሞተሬ ላይ ነኝ። እንግዲህ ያዝ! የኮሶዬን ዳገት ሽቅብ ስከንፍባት አቧራው ከኋላዬ ሰማይ ይነካል። አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ስገባ ሞተሯ እህ፣ እህ ትላለች። ከዚያ ቀጥ። ብትረግጣት፣ ብትገፋት፣ ብትለማመጣት፣ ምን በወጣት! ጀምበር እስክታዘቀዝቅ አኩርፋ ትቆይና፣ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው በአንድ እርግጫ ትነሳለች። ግን ምን ዋጋ አለው? ኬላው ተዘግቷል። ሰዓት እላፊ አለ። ያለበት ማደር ነው።

ሌላ ቦታ ብትቆም ባልከፋ። ሰፊ አገር ነው፤ የገብስ ማሳ አለ፣ ባዶ ሜዳ አለ። እሷ የምትቆመው ግን አንዲት ሰማያዊ በር ፊት ለፊት ነው። በመጀመሪያውም ቅዳሜ እዚያ፣ በሚቀጥለውም እዚያ። ቤቱ የጠላና የምግብ ቤት ነው፤ አልጋም ያከራያል። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መልኳስ? እሱን ባትጠይቀኝ። ስሟ ደግሞ ወይዘሮ አትጠገብ ነው። እስቲ ይህን ለሚስትህ አስረዳ!

እሷ ሴትዮዋ ምንም በደል የለባትም። ሽሮ ታቀርብልኛለች፣ በብርዱ ጋቢ ታውሰኛለች፣ ለሞተሯም ከንፈሯን ትመጥላታለች። ችግሩ የደባርቅ አውቶቡስ ነው። ስፈልገው የሚቀረው አውቶቡስ እኔ ያቺ በር ላይ ስቀመጥ አይቀርም። ግማሹ ደባርቅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የነርሷ ባል ሰማያዊው በር ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ያየዋል። የኔ ደግነት ደግሞ እጄን አነሳላቸዋለሁ።

አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ ደባርቅ ስደርስ ስንዱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «አምባ ጊዮርጊስ እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ብርድ ናት» አልኳት።

«አትመስልም» አለች።

ሞተሯ ተበላሽታብኝ ነው ብዬ ማልኩ። በየሳምንቱ? አለች። በየሳምንቱ። አንድ ቦታ? አንድ ቦታ። እኔው ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። እግዜር ያሳይህ፣ እንዲህ ያለ ብልሽት ሰምተህ ታውቃለህ? ስንዱ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለኝ። ለሥልጠና ጎንደር ልመጣ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት አብሬህ በሞተሯ እመለሳለሁ፤ ስትቆም በዓይኔ አያለሁ፤ ካልቆመች ግን ሁለተኛ ደባርቅ እንዳትመጣ አለችኝ። እንባዋ አይኗ ላይ ደርሶ ነበር። ሐቀኛ ሆኖ መጠርጠርን የመሰለ ክፉ ነገር የለም።

ያን ቅዳሜ ከስብሰባው ጓድ ሊቀመንበሩን ለምኜ ቀረሁ። በጠዋት ተነሳን። ስንዱ ከኋላ ወገቤን ጨምድዳ ይዛ «ቀስ በል! ቀስ በል አልኩህ! ልትገለኝ ነው?» ትላለች። ቀስ አልኩ። ኮሶዬ ላይ ጉም ወርዶ አህያ የጫኑ ገበያተኞች ሁሉ እየቀደሙን አዘገምን። በሆዴ ጸሎት ይዣለሁ። ሰው ሞተሩ እንዳትቆምበት ይጸልያል፤ እኔ እንድትቆም እየጸለይኩ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ገባን። እህ አላለችም። ሰማያዊው በር ታየኝ። አፈር በበላሽ፣ ዛሬ እንኳን ቁሚልኝ አልኳት። ጭራሽ ድምጿ አምሮ፣ ቀጥ ብላ አለፈች። በዚህ ላይ ወይዘሮ አትጠገብ ከደጅ ቆማ አየችኝ፤ እጇን ወደ ላይ አውለበለበች።

«ምነው የኔ ጌታ፣ ዛሬስ ሳታርፍ?»

ወገቤን የያዙት እጆች ላላ አሉ። በቃ፣ ትዳሬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ፈረሰ አልኩ። ከተማውን ወጣ እንዳልን አቁም አለችኝ፤ አቆምኩ። ላቤ ይወርዳል። የምለው ስፈልግ የሐጂ ነገር ትዝ አለኝ። ማረፍ ትወዳለች ብለውኛል፣ የሸጡልኝ ሰውዬ ያውቃሉ፣ ሐጂ ይመስክሩልኝ አልኳት። ስንዱ ትንሽ አሰበች። አዙራት፤ ከአፋቸው ልስማው አለች።

አዞርኳት። እንደገና በሰማያዊው በር ማለፍ አለ። ወይዘሮ አትጠገብ «ይኸው! እኔስ አያስችለውም ብዬ ነበር!» አለች። እንግዲህ ምን ትላለህ?

ሐጂ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ስንዱ ከሞተሯ ሳትወርድ ጠየቀቻቸው፦ አባቴ፣ ይቺ ሞተር እርስዎም ላይ ትቆም ነበር? ሐጂ ደረታቸውን ነፉ። እውነት ለመመስከር የሚጓጉ ሰው ናቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ ባልሽ አልዋሸም። እኔም ላይ በየገበያው ቀን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ትቆም ነበር!»

ኡፍ አልኩ። ነፍሴ ተመለሰች። ይህን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ወጡ። ሐጂን ሳይሆን ስንዱን ነው የጠየቁት፦ የማን ደጅ ላይ? ስንዱ «ሰማያዊው በር» አለች። ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ለካ እሳቸውም ቤት ያው ወሬ ደርሷል! ሐጂ ጠላ አይቀምሱም፤ ይህን ጎንደር በሙሉ ያውቃል። ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። የሚጠጣ ቢሆን ምክንያት ነበረው፤ የማይጠጣ ሰው ጠላ ቤት ደጃፍ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ብለው ወይዘሮ ዘይነባ ሞተሯን አሸጡ። አሁን ደግሞ የገዛው ሰውዬ እዚያችው በር ላይ ተገኘ። «ሞተሯን ከነሴትዮዋ ነው እንዴ የሸጥክለት?» አሏቸው ሐጂን። የስንዱን እጅ ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት። መጋረጃው ወረደ።

እኔና ሐጂ ደጅ ቀረን። ምስክሬ ተከሳሽ ሆኖ አጠገቤ ተቀመጠ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ምነው ለምስክርነት ከማምጣትህ በፊት ብታማክረኝ?» ሁለታችንም ሞተሯን አየናት። ዛሬ ለምን አለፈች? አሉኝ ቆይተው። ስንዱ ፈርታ ቀስ በል ስትለኝ ቀስ ብዬ ነው አልኩ። ሐጂ ጭንቅላታቸውን ያዙ። እሳቸውም ገበያው ሳይፈታ ልድረስ እያሉ ነበር የሚያጣድፏት። በረሃ የኖረች ሞተር ሽቅብ ሲከንፉባት ይሞቃታል፤ አምባ ጊዮርጊስ ስትደርስ ይበቃታል። ይኸው ነው! ነግረውኝ ነበር እኮ!

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሁለቱ ሴቶች ሻይ ይዘው ይስቃሉ፤ ሳቁ የበለጠ አስፈራኝ። ስንዱ፣ የምትቆመው አንቺ ጋ ለመድረስ ስለማጣድፋት ነው፤ ባትናፍቂኝ ኖሮ አትቆምም ነበር አልኳት። ስንዱ ሻይዋን አስቀመጠች። «ውሸትም ቢሆን ያምራል» አለች፤ ከንፈሯ ዳር ፈገግታ አየሁ። «ሞተሯ ግን ትሸጣለች።»

የስንዱ ወደ ጎንደር ዝውውር እስኪመጣ በአውቶቡስ ተንገላታሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ሰማያዊው በር ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ እመስል ነበር። ሽያጩን ራሷ ልታይ ስንዱ ፈቃድ ወስዳ ጎንደር መጣች። ገዢው ሳንጃ ወረዳ የተመደበ ወጣት የግብርና ሠራተኛ ነው። አስነሳት፣ ጭሷን አየ፣ ጎንበስ አለ፣ ጎማውን በእርግጫ መታ። ለምን ትሸጣታለህ? አለኝ። ለቤቴ ሰላም ብዬ ነው አልኩት። ከመጋረጃችን ጀርባ ስንዱ ሳለች። የልጁ ፊት በራ።

ህሊናዬ ግን አላስችል አለኝ። «ቆይ፣ ሚስት አለህ?» አልኩት።

«የለኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ምንም እንከን የላትም» ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት።

አንተ ግን ባለትዳር ነህ። ስለዚህ ካንዴላ መፍታቱን፣ ከሥር መጎንበሱን ተወው፤ ሱሪህንም አታበላሽ። ሻጩ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ከመጋረጃው ጀርባ የሚያስል ሰው እንዳለ አዳምጥ። ካለ፣ ሻጩን ተውና እሷን ጠይቅ።